ነርሷ፣ ዳኛውና እኔ፦ ስድስት ቀን በሐረር

ከሐረር ከተመለስኩ ሦስት ወር አለፈኝ። ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ የትኛው ፊልም እንዳሸነፈ ነው። እነግረዋለሁ፤ ረስቼው አይደለም። ነገር ግን ያንን ጉዞ ሳስብ ቀድሞ ፊቴ የሚመጣው ያሸነፈው ፊልም አይደለም። ስለዚህ ሐረርን ላላየና ምናልባትም ለማያይ ሰው፣ ነገሩን ከመነሻው ጀምሬ እንደሆነው ብጽፈው ይሻላል አልኩ።

ሥራዬ የፊልም ኤዲተርነት ነው። በሠርግ ቪዲዮ ጀምሬ ወደ ድራማና ፊልም ተሻገርኩ፤ ሌላ ሰው የቀረጸውን እየቆረጥኩና እየቀጠልኩ ሃያ ዓመት ሞላኝ። በግንቦት መጀመሪያ መምህር ጌታሁን የሚባሉ ሰው ከሐረር ደወሉልኝ። የጎጃም ሰው ናቸው፤ ሐረር ለማስተማር ተመድበው ሄደው እዚያው ቀሩ። የከተማው ወጣቶች የሠሯቸውን አጫጭር ፊልሞች የሚያወዳድር ትንሽ ፌስቲቫል አዘጋጅተው ኖሮ፣ ከሦስቱ ዳኞች አንዷ እንድሆን ጠየቁኝ። ሁለቱ እነማን እንደሆኑ ስጠይቃቸው አንደኛዋ ጡረታ የወጡ ነርስ፣ ሌላው ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ዳኛ ናቸው አሉኝ። ኔትወርኩ የተቆራረጠ መስሎኝ ደግሜ ጠየቅሁ።

«ታዲያ ከፊልም ሰው የለም?» አልኳቸው።

«እርስዎ አሉልን» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር ቅር ብሎኝ ነው እሺ ያልኩት።

ረቡዕ

ሊነጋጋ ሲል ከአዲስ አበባ ተነሳን። አጠገቤ የተቀመጡት ሴት ሐረር ለምትገኝ አራስ ልጃቸው የሸኖ ቅቤ በፕላስቲክ ባልዲ ይዘው ነበር። ባልዲውን ከላይ መደርደሪያው ላይ፣ ከሻንጣዬ አጠገብ አስቀመጡት። እኔ የምኖረው ሽሮ ሜዳ ነው፤ እኛ ሰፈር ቅቤ ከዓመት ዓመት ድንጋይ ስለሆነ ምንም አልጠረጠርኩም። አዋሽ ስንደርስ አውቶቡሱ ውስጥ ያለው አየር የምድጃ አፍ ሆነ። ጭሮ ለምሳ ስንወርድ ሻንጣዬን ብከፍተው የያዝኩት ልብስ በሙሉ በቅቤ ርሷል። ሴትየዋ ከፈሰሰው ቅቤ ይልቅ የእኔ ልብስ አሳዘናቸው። ምሳዬን ራሳቸው አዘዙ፤ በዓለ ሃምሳ ስለነበር ረቡዕም ቢሆን ጥብስ በላን፤ ይቅርታ እየጠየቁ ሦስት ጊዜ አጎረሱኝ።

ቁልቢ ላይ ግማሹ ተሳፋሪ አማተበ፤ አወዳይ ላይ ሌላው ግማሽ ጫት ለመግዛት በመስኮት ተንጠለጠለ። አመሻሹ ላይ ሐረር ገባን። መምህር ጌታሁን ሸዋ በር ቆመው ይጠብቁኝ ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የሚራመዱ ሰው ናቸው። ሻንጣዬን ተቀብለው ጀጎል በሚሉት፣ በግንብ በታጠረው አሮጌ ከተማ ጠባብ መንገዶች ይዘውኝ ገቡ። ሁለት እጄን ብዘረጋ ግራና ቀኝ ያለውን ግንብ መንካት እችል ነበር። እኛ ሰፈር መንገድ ሲጠብ ሰው ይጋጫል፣ ይገላመጣል፤ እዚህ ግን አንዱ ለሌላው ግድግዳውን ተደግፎ ሰላምታ እየሰጠ ያሳልፋል። የቅቤው ሽታ የጠራቸው አራት ድመቶች እስከ ማረፊያዬ ሸኙን።

ማረፊያዬ የአቶ ረምዚ ቤት ነበር፤ ሁለተኛው ዳኛ ማለት ናቸው። የጀጎል ልጅ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ያህል በፍርድ ቤት ዳኝተው ጡረታ ወጥተዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሩቂያ ጫማዬን እንዳወልቅ በእጃቸው አመለከቱኝና ነደባ በሚሉት፣ ምንጣፍ በተነጠፈበት ከፍ ያለ መደብ ላይ አስቀመጡኝ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በሰሃንና በስፌት ተሸፍኗል። የሻንጣዬን ጉድ ሲያዩ ልብሴን ሰብስበው ወጡ። በዚያ ሳምንት ውኃ በቧንቧ እንዳልመጣና ልብሴ የታጠበው ለቤቱ በተቀመጠው ውኃ እንደሆነ የሰማሁት ከሁለት ቀን በኋላ ነው። እኛም አዲስ አበባ ውኃ በፈረቃ ነው የምናገኘው፤ እኔ ግን ለማላውቀው እንግዳ ልብስ ሦስት ጀሪካን የማፈስ አይመስለኝም።

ሐሙስ

ልብሴ ስላልደረቀ የወይዘሮ ሩቂያን የሐረሪ ቀሚስ ለብሼ ወጣሁ። ቁርስ ፈጢራ ከማር ጋር ነበር። በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ በዚያ ቤት ገበታ ላይ ሥጋ አልቀረበም፤ እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ እንዳልሳቀቅ ነው። ወይዘሮ ሩቂያ ምክንያቱን አልተናገሩም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ፊልሞቹ የሚታዩት ከፈረስ መጋላ አደባባይ ብዙም በማይርቅ የትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። ደጃፉ ላይ አንዲት ነጠላ የለበሱ፣ አጭርና ፈርጠም ያሉ ሴት በሐረሪኛ ሰላምታ ሰጡኝ። እንዳልገባኝ ሲያዩ ከእግር እስከ ራሴ አይተውኝ በአማርኛ «የሩቂያ ዘመድ መስለሽኝ ነው» አሉ። ሲስተር ወርቅነሽ ናቸው፤ ነርሷ። ቅድመ አያታቸው ከሸዋ መጥተው ሐረር የሰፈሩ ወታደር ነበሩ። ሲስተር ለትምህርት ካልሆነ በቀር ከሐረር ወጥተው ኖረው አያውቁም። አማርኛ፣ ሐረሪኛና ኦሮምኛ እያቀላቀሉ ይናገራሉ፤ ከተማው ውስጥ ያላዋለዱት ወይም መርፌ ያልወጉት ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሥራ ከመጀመራችን በፊት አቶ ረምዚ አንድ ደንብ አወጡ። ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ማናችንም ከተወዳዳሪ ጋር እንዳንገናኝ። እኔም ሲስተርም ተስማማን፤ ሳቅ አልኩ እንጂ ነገሩ መልካም ነበር።

በዚያ ቀን ሰባት ፊልም አየን። እኔ የማየው ቆረጣውን ነው፤ የት ላይ ተቆረጠ፣ ለምን እዚያ ጋ። አቶ ረምዚ ደግሞ ፊልሙን እንደ ምስክር ቃል ነው የሚሰሙት። አንዱ ገጸ ባሕርይ «አሁን ገና ከእንቅልፌ ተነሳሁ» ሲል ከኋላው ያለው የግድግዳ ሰዓት ዘጠኝ ተኩል ይላል። «ቃሉና ማስረጃው አልተገናኙም» ብለው ጻፉ። ሲስተር ወርቅነሽ የሰው እጅ፣ እግርና ፊት ነው የሚያዩት። የምጥ ታሪክ ያለበት ፊልም ላይ፣ እናትየዋ ጮኻ ጮኻ ልጁ ተወልዶ በፎጣ ተጠቅልሎ ሲታይ፣ እኔ ዓይኔ እንባ ሞልቶ «አቆራረጡ ግሩም ነው» ብዬ እየጻፍኩ ሳለ ሲስተር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ይህ ልጅ ጥርስ አለው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ፊልሙን በቁም ነገር ማየት አልቻልንም።

ማታ ለባለቤቴ ስደውልለት ሰዎቹ ደጎች ናቸው፣ ፊልም ግን አያውቁም አልኩት። አሁን ያንን ማለቴ ያሳፍረኛል።

ዓርብ

አቶ ረምዚ ከጁምዓ ሶላት እስኪመለሱ ቆይተን ከሰዓት በኋላ ጀመርን። ስምንተኛው ፊልም የዐሥራ አራት ደቂቃ ነበር። አንድ ሽማግሌ የተበላሸ ሬዲዮ በብብታቸው ይዘው ከአንዱ ጥገና ቤት ወደ ሌላው ይዞራሉ፤ በቃ ታሪኩ ይኸው ነው። የቀትር ፀሐይ አናት ይበሳል፤ እሳቸው ግን ወፍራም የወታደር ካፖርት እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። ሲናገሩ ድምፃቸው ሻካራ ነው፤ በአንዱ ቃልና በሌላው መካከል ሰው ትንፋሹን ይዞ የሚጠብቅበት ዝምታ አለ። «ይህ... ሬዲዮ... የእኔ... አይደለም» ሲሉ ማስታወሻዬ ላይ «ዝምታዎቹ!» ብዬ ጽፌ ሁለቴ አሰመርኩበት።

መብራት ሲበራ የትወናው ሽልማት ለእኚህ ሰው ነው አልኩ። ካፖርቱ ያለፈ ክብር ምልክት እንደሆነ፣ ዝምታውን ጥቂት የአገራችን ተዋናዮች ብቻ እንደሚችሉት አስረዳሁ። ብዙ ተናገርኩ። ሲስተር ወርቅነሽ እየሰሙኝ አልነበረም። መምህር ጌታሁንን ፊልሙን እንዲመልሱላቸው ጠየቁ። ሁለተኛ አየን። አሁንም መልሱት አሉ። በሦስተኛው የሽማግሌው ፊት ስክሪኑን ሲሞላው «እዚህ ጋ አቁሙት» አሉና ተነሥተው ጠጋ ብለው ቆሙ።

«እኚህ ሰው እየተወኑ አይደለም» አሉ። «ታመዋል።»

ተናደድኩ። የተዋናይ ሥራ እኮ ሰውን ማሳመን ነው አልኳቸው። ሲስተር አልተቆጡም። በጣታቸው ስክሪኑን እየነኩ አሳዩኝ። የዓይናቸው ዙሪያ አብጧል። የቅንድባቸው ጫፍና ጫፍ ፀጉር የለውም። ጥገና ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ በሸሚዝ ሆነው ላብ ያጠምቃቸዋል፤ እሳቸው በካፖርት ውስጥ ትከሻቸውን ሰብስበዋል። ድምፁም ቢሆን እንዲህ ያለ ድምፅ ከዚህ ቀደም ሰምተዋል፤ የአንገት ዕጢ ሥራውን ሲተው የሚመጣ ነው፤ ቶሎ ከተደረሰበት በክኒን ይስተካከላል፣ ከቆየ ልብ ይጎዳል አሉ። እርግጠኛ ነዎት ወይ ስላቸው፣ እርግጠኛ የሚያደርገው ደም ነው፣ እሳቸው ግን ዛሬውኑ ሊያዩአቸው እንደሚፈልጉ ነገሩኝ።

አቶ ረምዚ ደንቡን አስታወሱ። ውሳኔ እሑድ ነው፤ ሁለት ቀን ብቻ መጠበቅ አይቻልም ወይ አሉ። ሲስተር ደብተራቸውን ዘግተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«አቶ ረምዚ፣ እኔን ከዳኝነቱ ያውጡኝ። ዳኛ ሆኜ ሁለት ቀን ከምጠብቅ ነርስ ሆኜ አሁን ብሄድ ይሻለኛል።»

አቶ ረምዚ እስክሪብቷቸውን እያገላበጡ ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው «በሽተኛ መጠየቅ ሐቅ ነው፣ የማይቀር ግዴታ» አሉ። «ስለ ፊልሙ አንዲት ቃል እንዳትወጣ። እኔም እመጣለሁ።»

ሰውየውን መምህር ጌታሁን ያውቋቸዋል። ሃምሳ አለቃ ደምሴ ይባላሉ፤ የወሎ ሰው ናቸው። ወታደር ሆነው ሐረር መጥተው ለምልምሎች የሰልፍ አስተማሪ ነበሩ፤ ከሠራዊቱ ሲወጡ አንድ ትምህርት ቤት ዘበኛ ሆነው ሠሩ። የፊልሙ ሠሪ ሰሚራ የምትባል ወጣት ያኔ እዚያ ተማሪ ነበረች። አሁን ሃምሳ አለቃ ሐኪም ጋራ በሚባለው ኮረብታ ላይ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ።

ሙዝና ስኳር ገዝተን ሦስታችንም በአንድ ባጃጅ ተጣብበን ወደ ሐኪም ጋራ ወጣን። ከላይ ሲታይ ጀጎል መዳፍ ላይ የሚያዝ ይመስላል። የሃምሳ አለቃ ልጅ አርባ ዓመት የሚሆናት ሴት ናት፤ ቤተኛ እንደሆንን ሁሉ እየሮጠች ወንበር አወጣች። ሃምሳ አለቃ ከውስጥ ካፖርታቸውን ቆልፈው ወጡ። ሦስት የፊልም ዳኞች ደጃቸው ላይ ሲያዩ ያሰቡት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አሸነፍኩ... እንዴ?» አሉ።

አቶ ረምዚ ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ ፊልሙ መናገር እንደማይቻል፣ የመጣነው ልንጠይቃቸው እንደሆነ አስረዱ። ሲስተር እጃቸውን ይዘው ይበርድዎታል ወይ አሏቸው። ሃምሳ አለቃ ረጅም ጊዜ አሰቡ። ሙቀት የሚባል ነገር ካዩ ሁለት ዓመት እንደሆናቸው ተናገሩ። ልጃቸው ጣልቃ ገብታ፣ አባቷ ድሮ ከጎረቤት ጋር ሲጫወቱ ሰው በሳቅ ይሞት እንደነበር፣ አሁን ግን ከቀትር በኋላ ተኝተው እንደሚውሉ፣ ሰው ሁሉ እርጅና ነው ብሎ እንደነገራት አወራች።

ሲስተር ነገ ሆስፒታል ልውሰድዎት አሉ። ሃምሳ አለቃ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሆስፒታል የታመመ ሰው ነው የሚሄደው፣ እኔ አርጅቻለሁ እንጂ አልታመምኩም አሉ። ሲስተር ለመኑ፤ ልጃቸውም ለመነች። በመጨረሻ አቶ ረምዚ ወንበራቸውን አስጠጉ።

«ሃምሳ አለቃ፣ እኔ ብዙ ዓመት ፈርጃለሁ። ማስረጃ ሳልሰማ የፈረድኩበት ሰው የለም። እርስዎ ግን እርጅና ነው ብለው በራስዎ ላይ ፈርደዋል። ማስረጃው የታለ?»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ፤ ፈገግታውም ቀስ ብሎ ነው የመጣው። እሺ ግን አላሉም።

ቅዳሜ

ከአቶ ረምዚ ቤት ቁርስ በልቼ ስወጣ ማስረጃ የሚለው ቃል አልለቀቀኝም። ነርሷ በዓይናቸው አዩ፤ ዳኛው በቃላቸው ተከራከሩ፤ እኔ ግን ቁጭ ብዬ ሙዝ ነው የላጥኩት። ወደ ሲስተር ደወልኩና ሰሚራ ጋ የሃምሳ አለቃ የድሮ ቪዲዮ ይኖር ይሆን አልኳቸው። አቶ ረምዚ ይህ ስለ ውድድሩ ስላልሆነ ፈቀዱልኝ።

ሰሚራ ፈረስ መጋላ አካባቢ ፎቶ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ስለ በሽታው ስነግራት መደገፊያ ፈልጋ ተቀመጠች። በየሳምንቱ እያየቻቸው እንዴት እንዳልታወቃት ደጋግማ ተናገረች። ሰው በቀስታ ሲለወጥ አጠገቡ ያለ አያየውም አልኳት፤ ግን ይህን ስላት እኔም ራሴን ለማጽናናት ይመስለኛል። አሮጌ ስልኳን አውጥታ ፈለገች፤ ከአምስት ዓመት በፊት እሷና ጓደኞቿ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጨረሱበት ቀን የቀረጸችውን አገኘን። ሃምሳ አለቃ በሸሚዝ እጅጌ ሆነው በሩ ላይ ቆመው ተማሪዎቹን በሰልፍ ያስወጧቸዋል። «ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ! አንተ፣ እግርህ ነው የተማረው ወይስ ጭንቅላትህ?» እያሉ ይቀልዳሉ፤ ቃላቸው እንደ በቆሎ ቆሎ ይፈነዳል።

ላፕቶፔን ከፍቼ ይህን ቪዲዮና ከፊልሙ አንድ ቁራጭ ጎን ለጎን አደረግሁ፤ በግራ ያኔ፣ በቀኝ አሁን። በሃያ ዓመት ውስጥ ከሠራሁት ሁሉ አጭሩ ሥራ ነው፤ አርባ ሰከንድ አይሞላም።

ከሲስተር ጋር እንደገና ሐኪም ጋራ ወጣን። ሃምሳ አለቃ ላፕቶፑን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተመለከቱ። ሲያልቅ ድገሚው በሚል ጣታቸውን አነሱ። ደገምኩት። ሦስተኛ ጊዜ ሲያዩ በግራ በኩል ያለውን ሰው በጣታቸው ነኩት።

«ይህ... የት ሄደ?» አሉ።

ልጃቸው ፊቷን አዙራ አለቀሰች። ሲስተር «ሄደን እንፈልገው» አሏቸው። ሃምሳ አለቃ ተነሥተው ጫማቸውን ጠየቁ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ከካርድ ክፍሉ ጀምሮ ሲስተርን የማያውቅ የለም። ወጣቱ ሐኪም ሃምሳ አለቃን መረመረ፤ የተረከዛቸውን ጅማት በትንሽ መዶሻ መታ ሲያደርገው እግራቸው ዘግይቶ ተነሣ፣ ሲመለስም ዘገየ። ሲስተርና ሐኪሙ ተያዩ። ደም ተወሰደ፤ ውጤቱ ሰኞ ይደርሳል ተባለ።

ኮሪደሩ ላይ ስንጠብቅ ለሲስተር ወርቅነሽ ለማንም ያልተናገርኩትን ነገርኳቸው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የአጎቴን ልጅ ሠርግ ኤዲት ያደረግሁት እኔ ነኝ። አክስቴ በቪዲዮው ሁሉ ቁጭ ብላ ነበር፤ አትጨፍርም፣ አትስቅም፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ታያለች። ቪዲዮውን ታቀዘቅዝብኛለች ብዬ እሷ ያለችበትን ሁሉ ቆርጬ ጣልኩት። በአራት ወሯ ሞተች፤ ለካ ያኔ ታማ ነበር። ዘመድ ሁሉ መልኳን ለማየት ያንን ሠርግ ሲከፍት አክስቴ የለችበትም።

ሲስተር እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አደረጉ።

«አንቺ የተማርሽው ሌላ ነው ልጄ። ዛሬ ጠዋት ያደረግሽውን ደግሞ እኔ አርባ ዓመት ብሠራ አላውቀውም ነበር።»

እሑድ

ጠዋት ለውሳኔ ተሰበሰብን። አቶ ረምዚ ያቀረብኩት የትወና ሽልማት ሐሳብ አሁንም እንዳለ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ትቼዋለሁ አልኩ። ያደነቅሁት የሰውየውን ችሎታ ሳይሆን ሕመማቸውን እንደነበረ ለመናገር ከበደኝ፤ ግን ተናገርኩት። ሲስተር ወርቅነሽ በዚህ ፊልም ላይ ድምፅ እንደማይሰጡ አስቀድመው ስላስታወቁ ቀሪው የእኔና የአቶ ረምዚ ነበር። የሰሚራን ፊልም ከውድድር እናስወጣው የሚል ሐሳብ እኔ አነሣሁ፤ ነገሩ ተነካክቷል ብዬ። አቶ ረምዚ አልተቀበሉኝም። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም፣ ካሜራዋ ያለውን እንዳለ ይዞታል፣ በደንብ ያላየነው እኛ ነን አሉ። የፊልሙን አሠራር ብቻ መዝነን ሁለተኛ አደረግነው። አንደኛ የወጣው ውኃ ለመቅዳት ወረፋ የያዙ ሴቶችን የሚያሳይ፣ በሳቅ የሚያፈርስ ፊልም ነው። የትወናውንም ሽልማት ከዚያው ፊልም ጀሪካኗን የተነጠቀችው ሴት ወሰደች።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞልቶ፣ አቶ ረምዚ ውሳኔውን ማንበብ ሲጀምሩ መብራት ጠፋ። ማይክራፎኑን አስቀምጠው በችሎት ድምፃቸው እስከ መጨረሻው አነበቡ፤ ምክንያቱን አንድ በአንድ እየዘረዘሩ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል። ሰዉ ፍርድ ቤት እንደተጠራ ባለጉዳይ ፀጥ ብሎ ሰማ። ሰሚራ ሽልማቷን፣ አንድ ትልቅ የሐረር ስፌት፣ ተቀብላ ስትወርድ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ካፖርት ለብሰው ለተቀመጡት ሰው ሰጠቻቸው። እሳቸውም ጉልበታቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ያዙት።

ማታ ወይዘሮ ሩቂያ ሳምቡሳ በምስር ሠርተው አበሉን። ሲስተር ወርቅነሽም ነበሩ። አቶ ረምዚ የፊልም ዳኝነት ከለመዱት የበለጠ አድካሚ እንደሆነባቸው፣ በችሎት ቢያንስ ተከሳሹ ጥርስ ያለው ሕፃን ይዞ እንደማይመጣ ተናግረው አሳቁን።

ሰኞ

ልብሴ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ተጣጥፎ ነበር፤ የቅቤ ሽታው ግን ዛሬም ድረስ አልለቀቀም። ወይዘሮ ሩቂያ ያዋሱኝን ቀሚስ ሻንጣዬ ውስጥ ጨምረውት ኖሮ፣ ያየሁት ቤቴ ከደረስኩ በኋላ ነው። መምህር ጌታሁን እስከ አውቶቡስ ሸኙኝ። ወደ ሐረር ስመጣ ፌስቲቫሉ የፊልም ሰው የጎደለው መስሎኝ እንደነበር ነገርኳቸው። ሰዎቹን የመረጧቸው ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። በከተማው ውስጥ ሰውን ለረጅም ዘመን ሲመለከቱ የኖሩት እነማን ናቸው ብለው አስበው እንደመረጡ ነገሩኝ።

አውቶቡሱ ጭሮ ለምሳ ሲቆም ሲስተር ወርቅነሽ ደወሉ። ውጤቱ መጥቷል፤ እንደጠረጠሩት የአንገት ዕጢው ነው። ሐኪሙ ከትንሽ መጠን ጀምሮ ክኒን አዞላቸዋል፤ በየቀኑ፣ ዕድሜ ልካቸውን፣ ጠዋት በባዶ ሆድ። ለውጡ ሳምንታት ይፈጃል አሉኝ። ምግብ ቤቱ ደጃፍ ቆሜ አለቀስኩ፤ የአውቶቡሱ ረዳት የሰው ሞት የተረዳሁ መስሎት ውኃ አመጣልኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነው

ሲስተር በየሁለት ሳምንቱ ይደውሉልኛል። በመጀመሪያው ወር ሃምሳ አለቃ ቀን መተኛት ተዉ። በሁለተኛው ካፖርቱን አወለቁ፤ ልጃቸው አጥባ አሰጣችው። ሰሚራ ሌላ ፊልም አብረዋት እንዲሠሩ ብትጠይቃቸው፣ ይህችን ከተማ ገና በደንብ እየዞርኩባት ነው፣ ጊዜ የለኝም ብለዋታል አሉ።

ከሁለት ሳምንት በፊት ሥራ ላይ እንዳለሁ ከማላውቀው ቁጥር ስልክ ተደወለ። አነሣሁት። ማን እንደሆኑ ለመጠየቅ እንኳ ፋታ አላገኘሁም፤ ስለ ጎረቤታቸው በሬ፣ ስለ ልጃቸው ባል፣ ስለ ሐኪም ጋራ የውኃ መስመር፣ አንድ ወጣት ባጃጅ ነጂ በመንገድ ላይ ስላሳየው ስርዓት የለሽነትና እሳቸው ስለሰጡት ምክር በአንድ ትንፋሽ አወሩኝ። ሃምሳ አለቃ መሆናቸውን ያወቅሁት መሐል ላይ ነው። ይህን ድምፅ የማውቀው ከዚያች ከአርባ ሰከንድ ቪዲዮ ግራ በኩል ብቻ ነበር። ሃያ ደቂቃ ያህል ካወሩ በኋላ ድንገት ቆሙ።

«አንቺስ? ስንት ዓመትሽ ነው?»

አርባ ስድስት አልኳቸው።

«ሐኪም ያየሽ መቼ ነው?»

አላስታወስኩም። እውነቱን ነገርኳቸው።

«ከዛሬ ሳምንት በዚሁ ሰዓት እደውላለሁ» አሉ፤ የሰልፍ አስተማሪ ድምፅ ነው። «ታይተሽ እንድትጠብቂኝ።»

በሳምንቱ፣ በዚያው ሰዓት፣ ስልኩ ጮኸ። ማክሰኞ ሄጄ ታይቼ ነበር።